«ለክፏታል» ከማለታችሁ በፊት ጉሮሮዋን ጠይቁ

ድንገት እጅ እግሩ አላርፍ ያለው፣ ዕቃ የሚጥለው፣ ያለ ምክንያት የሚያለቅሰው ልጅ ሁሉ ቡዳ የበላው አይደለም። ባለጌም አይደለም። የነገሩ ሥር ከወራት በፊት ታሞ የዳነ የመሰለ ጉሮሮ ሊሆን ይችላል። ካልተደረሰበት ደግሞ መዳረሻው ልብ ነው!

እስቲ ነገሩን እንዲህ እናስበው። ከመራዊ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ቀበሌ መጥተህ አዲስ አበባ ሥራ ይዘሃል እንበል። ወይም አንቺ ባሕር ዳር ኮሌጅ ገብተሻል። ማታ ስልክ ይጮሃል። እናት ናቸው።

«ልጄ፣ ያች እህትህ እንጃ ምን እንደነካት! እጇ አላርፍ አላት። ቡና ስታቀብል ስኒውን ትደፋዋለች። ፊቷን ታጣምመዋለች። ስቃ ሳትጨርስ ታለቅሳለች። ጎረቤቱ ሁሉ ለክፏታል ነው የሚል። ጠበል ልናስገባት ነው፤ ትንሽ ብር ላክልን።»

ታዲያ ምን ትላለህ? ምንስ ትያለሽ? አብዛኛው የከተማ ልጅ ከሁለቱ አንዱን ያደርጋል። ወይ «እሺ እማዬ» ብሎ ብሩን ይልካል፤ ወይ «አሁንም በቡዳ ታምናላችሁ?» ብሎ ይቆጣል። ብሩም ቁጣውም ልጅቷን አይፈውሳትም። በዚያች ሰዓት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው። «እማዬ፣ ባለፉት ወራት ጉሮሮዋን አሟት ነበር እንዴ?» የሚል ጥያቄ።

«ጉሮሮና ጠባይ ደግሞ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አብረን እንየው።

ቤቱን የሚደበድበው ዘበኛ

ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ከብዙ ዘመዶቹ መካከል «ምድብ ኤ» የሚባለው ጉሮሮ ላይ ማረፍ ይወዳል። በከተማ «ቶንሲል ያዘው»፣ በገጠር «እንጥሉ ወረደ» የምንለው ሕመም ሁሉ የእሱ ሥራ አይደለም። ብዙው በቫይረስ የሚመጣና በራሱ ጊዜ የሚለቅ ነው። ከፊሉ ግን የዚህ ባክቴሪያ ነው፤ በሳል፣ በማስነጠስና አብሮ በመተኛት ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይዘልቃል።

ባክቴሪያው ሲገባ ሰውነት ዝም ብሎ አያየውም፤ «አንቲቦዲ» የሚባሉትን ተከላካዮቹን ያዘምትበታል። ችግሩ የባክቴሪያው ገላ ከእኛው የሰውነት ክፍሎች አንዳንዶቹን መምሰሉ ነው። በጨለማ ሌባ ሲያባርር የሌባውን ዓይነት ጋቢ የለበሰውን ባለቤቱን በዱላ የሚያጣድፍ ዘበኛ አስቡ! የሰውነት ተከላካይም በአንዳንድ ልጆች ላይ እንዲህ ይሳሳታል። አንዳንዴ መገጣጠሚያን ይመታል። አንዳንዴ የልብን በሮች፣ ማለትም ቫልቮቹን ይመታል። አንዳንዴም አንጎል ውስጥ ገብቶ እንቅስቃሴንና ስሜትን የሚገራውን ክፍል ይነካል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ጉሮሮው ከዳነ በኋላ ነው። የመገጣጠሚያ ቁርጥማቱና ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ይመጣል። አንጎልን የሚነካው ግን ከ1 እስከ 6 ወር ሊዘገይ ይችላል። ለዚህ ነው ማንም ሰው ሁለቱን የማያገናኛቸው። በመስከረም ያመማትን ጉሮሮ በጥር ማን ያስታውሰዋል?

አውሮፓም ከቤተ ጸሎት ነው የጀመረችው

«ይህ የኛ አገር ኋላ ቀርነት ነው» ብላችሁ አንገት አትድፉ። በ1518 እ.ኤ.አ. ስትራስቡርግ በተባለችው ከተማ ሰዎች ያለማቋረጥ ሲጨፍሩ የከተማው ሹማምንት የወሰዷቸው ወደ ቅዱስ ቪቱስ ቤተ ጸሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰውነቱን መግዛት ያቃተው ሰው ሁሉ «የቅዱስ ቪቱስ ጭፈራ ያዘው» ይባል ጀመር።

በ1686 እ.ኤ.አ. ሲደንሃም የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የልጆቹን ሕመም ለይቶ ጻፈው። እግር እንደሚጎተት፣ እጅ አንድ ቦታ አልረጋ እንደሚል፣ ልጁ ብርጭቆ ወደ አፉ ለማድረስ እንደሚቸገር በዓይኑ አይቶ መዘገበ። ዛሬ ሕመሙ «ሲደንሃም ኮሪያ» ይባላል። ከኮሪያ አገር ጋር አይገናኝም፤ «ኮሪያ» ጭፈራ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ስም ነው። የሕመሙ ዘር ከጉሮሮ ባክቴሪያ መሆኑ የታወቀው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

እንዴት ይለያል?

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው የሚይዘው፤ ሴቶቹን ደግሞ ከወንዶቹ ይበልጥ ያጠቃል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦

• እጅ፣ እግር፣ ትከሻና ፊት በራሳቸው ይወራጫሉ። ልጅቷ ልታቆማቸው ብትሞክርም አትችልም። አንዳንዴ በአንድ ጎን ብቻ ይሆናል።

• ስትተኛ ሁሉም ይቆማል! ይህን ልብ በሉ። ቤተሰብን ጠይቁ፦ «እንቅልፍ ሲወስዳት ይተዋታል?»

• የእጅ ጽሑፏ ይበላሻል። ባለፈው ዓመት ደብተር ላይ የነበረው ቀጥ ያለ ፊደል ዘንድሮ ይበታተናል። የሁለቱን ዓመት ደብተር ጎን ለጎን ማየት ብቻውን ብዙ ይናገራል።

• ምላሷን አውጥታ ማቆየት አትችልም፤ ወጣ ገባ ይላል።

• ሁለት ጣታችሁን ጨብጣ እንድትይዝ ብታደርጓት ጭብጧ ጠበቅ ላላ፣ ጠበቅ ላላ ይላል። ሐኪሞች ይህንን የላም አላቢ ጭብጥ ይሉታል። ለጎጃም ሰው ከዚህ የቀለለ ማስረጃ የለም።

• ጠባይዋ ይለወጣል። ጨዋዋ ልጅ ነጭናጫ ትሆናለች፤ ትፈራለች፤ በሆነው ባልሆነው ታነባለች። አንዳንዷ አንድን ነገር ደጋግማ ካላደረገች ዕረፍት አታገኝም። አንዳንዴ ይህ የጠባይ ለውጥ ከመወራጨቱ ሳምንታት ቀድሞ ይታያል።

ከሚጥል በሽታ የሚለየው ልጅቷ ራሷን አለመሳቷ ነው። ስሟን ብትጠሯት ትሰማለች፤ ትመልሳለች። ንግግሯ ግን ሊኮላተፍ ይችላል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ «አትቁነጥነጪ!» ተብላ የምትገረፍ ልጅ እውነትም መቆም አቅቷት ሊሆን ይችላል። መምህራን ይህን ቢያውቁት ስንት ዱላ በቀረ!

«ፓንዳስ» የሚባለውስ?

በ1998 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአእምሮ ጤና ብሔራዊ ተቋም ተመራማሪዎች 50 ልጆችን አጥንተው አንድ ስም አወጡ፤ በእንግሊዝኛው ምሕጻረ ቃል «ፓንዳስ» ይባላል። እዚህ ላይ መወራጨቱ ዋናው ነገር አይደለም። ትናንት ደህና የነበረ ልጅ የጉሮሮ ሕመሙን ተከትሎ በአንድ ሌሊት የተለወጠ ይመስል እጁን ሃምሳ ጊዜ ካልታጠብኩ ይላል፤ ወይም ዓይኑን ያርገበግባል፤ ትከሻውን ይሰብቃል። ከእናቱ ቀሚስ አልላቀቅ ይላል፤ ያቆመው የአልጋ መሽናት ይመለስበታል። አንዳንዱ ምግብ እምቢ ይላል።

ይሁንና ጥንቃቄ ያሻል። ሳይንቲስቶች በዚህ ሕመም ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የጉሮሮ ባክቴሪያ በልጆች ላይ የትም የሚገኝ ስለሆነ ሁለቱ በአጋጣሚ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። «ይኸው ፓንዳስ ነው» የሚል አንድ የደም ምርመራም የለም። እጁን ደጋግሞ የሚታጠብ ልጅ ሁሉ ፓንዳስ አለበት ማለትም አይደለም። ለኛ አገር ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ያ የቆየው ዘመዱ፣ ሲደንሃም ኮሪያ ነው። ለምን ቢባል ልብን ይዞ ስለሚመጣ!

ዋናው ጉድ ልብ ላይ ነው

የሚገርመው ነገር፣ መወራጨቱ ብዙ ጊዜ በራሱ ይሻላል። በወራት ውስጥ ይቀንስና ይጠፋል። ቤተሰብም «ጠበሉ ሠራ፤ ተመስገን» ይላል፤ ጉዳዩም ይዘጋል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ ዳነች በተባለችበት ሰዓት የልቧ ቫልቭ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ጉሮሮዋ ያንኑ ባክቴሪያ ሌላ ጊዜ ሲያገኝ ዘበኛው ዱላውን እንደገና ያነሣል። በእያንዳንዱ ዙር ቫልቩ ይጠባል ወይም አልገጥም ይላል። ከዓመታት በኋላ ልጅቷ አቀበት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ እግሯ ያብጣል። ባሰ ሲልም የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ልቧ መሸከም ያቅተዋል።

ነገሩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚነካ እንዳይመስላችሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በደቡብ አፍሪካና በጅማ ምንም አላመመንም የሚሉ 4,720 ተማሪዎችን ልብ በአልትራሳውንድ አይቶ ነበር። በጅማ ከ1,000 ተማሪዎች 30 ያህሉ ላይ የዚህ ሕመም ምልክት ተገኘ። በዚያው ዓመት የካቲት ወር ከመላው አፍሪካ የመጡ ባለሙያዎች አዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት ተሰብስበው ይህን የልብ ሕመም ከአህጉሩ ለማጥፋት ምን መደረግ እንዳለበት መክረው ነበር፤ ያወጡትም ሰነድ «የአዲስ አበባ መግለጫ» ተባለ። የልብ ቀዶ ሕክምናስ? ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የሕፃናት የልብ ማዕከል ሥራ ከጀመረ ከ2001 ዓ.ም ወዲህ ብዙ ልጆችን አድኗል። ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ደግሞ ወረፋ ሲጠብቁ ኖረዋል። ፔኒሲሊን በወቅቱ ቢያገኙ ኖሮ ከነዚህ ብዙዎቹ ለቀዶ ሕክምና ባልደረሱ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ምላጩ፣ ኪራይ ቤቱና መንገዱ

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ይህ ሕመም እንዳይታወቅ የሚያደርጉ ነገሮች ብዙ ናቸው።

አንደኛው እንጥል ማስቆረጥ ነው። የልጅ ጉሮሮ ሲያብጥ ባለ ምላጭ ይጠራል። ምላጩ ግን ባክቴሪያውን ከጉሮሮ አያወጣውም። ደም መፍሰስን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ኤች አይ ቪን ሊያመጣ ይችላል እንጂ! እንጥሏ የተቆረጠ ልጅም በስትሬፕ እንደገና ትያዛለች።

ሁለተኛው የተማሪ ኪራይ ቤት ነው። መራዊ፣ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የገጠር ልጆች ከተማ ገብተው ለመማር አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ይከራያሉ። በሳምንቱ መጨረሻ አገር ቤት ሄደው ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። በአንድ ፍራሽ ሲተኙ የአንዱ ጉሮሮ ለሁሉም ይደርሳል። ያመመው ልጅ ደግሞ «ጉሮሮህን አየው እስቲ» የሚለው እናት አጠገቡ የለም። ትኩሳት ሲመጣ ሁሉም የሚያስበው ወባን ነው፤ ምርመራው «የለም» ካለ በቃ፣ ተመልሶ ይተኛል።

ሦስተኛው ቡዳ ነው። ልጅ ሲታመም ጣት ወደ ጎረቤት ይቀሰራል። ስንት ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ቤተሰብ ባልሠራው ተወንጅሏል! ሥራው የባክቴሪያ ሲሆን የተጣሉት ግን ጎረቤታሞች ናቸው።

አራተኛው መንገድ ነው። በ2015 ዓ.ም ክልሉ ውስጥ ግጭቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ መንገድ የተዘጋበት፣ መድኃኒት ያልደረሰበት ጊዜ ብዙ ነበር። በየወሩ መርፌ ለሚያስፈልገው ልጅ አንድ የተዘጋ መንገድ ቀላል ነገር አይደለም።

ጠበሉስ ይቅር ወይ?

ማንም እንዲህ አላለም። እናትህን «ጠበል አታስገቢያት» ብትላት አትሰማህም፤ የምትሰማህ «እሱንም አድርጊ፣ ሐኪሙንም አትርሺ» ስትላት ነው። በኤች አይ ቪ ጊዜ የሆነውን እናስታውስ። ጠበልተኞች መድኃኒታቸውን እየጣሉ ሲቸገሩ፣ በ1999 ዓ.ም የወቅቱ ፓትርያርክ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ይህም ያው ነው። የማይሆነው ልጅቷን ማሰር፣ መግረፍ፣ ማስራብ ወይም «ጠበል ላይ ነኝ» ብሎ መርፌውን ማቋረጥ ነው። የንስሐ አባት ካላችሁ እሳቸውን ይዞ ማስረዳት ከመቶ ስልክ ይበልጣል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ጉሮሮን አትናቁ። ልጅ ድንገት ትኩሳት ይዞት፣ ጉሮሮው ቀልቶ፣ መዋጥ አቅቶት፣ ከመንጋጋው ሥር አብጦ፣ ነገር ግን ጉንፋንና ሳል ከሌለው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተጀመረ የልቡን መዘዝ መከላከል ይቻላል። አንድ መርፌ ሊበቃ ይችላል። የሚዋጥ ከታዘዘ ግን 10 ቀኑ ይሙላ፤ በ3ኛው ቀን «ተሽሎታል» ተብሎ ለታናሹ አይቀመጥ።

2. መወራጨት ከጀመረች ወደ ሆስፒታል። ከመራዊ ባሕር ዳር ሩቅ አይደለም፤ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን እዚያው አሉ። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ወደ ደብረ ማርቆስም ይኬዳል። «ልቧም በአልትራሳውንድ ይታይልን» በሉ። ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ልቧ የሚመታባት ወይም እግሯ ያበጠ ከሆነ አንድ ቀን አትቆዩ። አንድ ነገር ደግሞ እወቁ፦ ሕመሙ ዘግይቶ ስለሚመጣ የባክቴሪያው የደም ምርመራ «ንጹሕ» ሊል ይችላል፤ ያ ብቻውን ነጻ አያወጣትም።

3. በመድኃኒቱ ስም አትደንግጡ። መወራጨቱ ለበረታባት ልጅ ሐኪሙ ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። የሚጥል በሽታ አለባት ማለት አይደለም፤ መወራጨቱን ስለሚያበርድ ነው። ቀለል ላለባት ደግሞ ዕረፍትና ጸጥታ ሊበቃት ይችላል።

4. መርፌው አይቋረጥ። በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የድሮውን ቁስል አያድንም፤ አዲሱን ነው የሚከለክለው። ልቧ ባይነካ እንኳ ቢያንስ 5 ዓመት ይቀጥላል። ልቧ ከተነካ ከዚያም ይረዝማል። ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡና «እማዬ፣ ሐሙስ መርፌዋ ነው» ብላችሁ ደውሉ። ከሚላከው ብር ይልቅ ይህች ጥሪ ልጅ ታድናለች። መንገድ ይዘጋል ብላችሁ ከሰጋችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ፤ የሕክምና ካርዷንም ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ።

5. ስለ መርፌው ፍርሃት። «ፔኒሲሊን ሰው ገደለ» የሚል ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ከባድ አለርጂ አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ እውነት ነው። ስለዚህ በየቤቱ በሚዞር መርፌ ወጊ ሳይሆን ጤና ተቋም ውስጥ ትወጋ፤ ከተወጋችም በኋላ ግማሽ ሰዓት እዚያው ትቀመጥ። ከዚህ ቀደም መድኃኒት አልስማማ ብሏት ከነበረ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

6. ለትምህርት ቤት ንገሩ። ጽሑፏ የተበላሸው፣ እግሯ የሚወራጨው በሕመም መሆኑን መምህሯ ይወቁ። ፈተና ላይ ጊዜ ይጨመርላት፤ ልጆችም አይሳቁባት። ከመወራጨቱ ይልቅ የሚሰብራት መሳለቂያ መሆኑ ነው።

ለራስሽም ይሆናል

ይህን የምታነቢው አንቺ በልጅነትሽ «ለክፏት ነበር፤ ጠበል ገብታ ዳነች» ትባይ ከነበረ፣ ነገሩን እንደ ተረት አትለፊው። በልጅነታቸው ይህ ሕመም የነበረባቸው አንዳንድ ሴቶች ሲያረግዙ ወይም ኢስትሮጂን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒን ሲጀምሩ መወራጨቱ ይመለስባቸዋል። ክኒን ከመጀመርሽ በፊት፣ ለማርገዝም ስታስቢ፣ የልጅነትሽን ታሪክ ለሐኪም ንገሪ፤ ልብሽም ይታይ። «ያኔ ዳንኩ እኮ!» አትበይ፤ የዳነው እጅሽ ሊሆን ይችላል፤ ልብሽን ግን ማንም አላየውም። ወንድሜ፣ ይህ ላንተም ነው፤ ልብ ጾታ አይመርጥም።

ዛሬ ማታ አገር ቤት ስትደውሉ ስለ ዝናቡና ስለ ኮጋ መስኖው ካወራችሁ በኋላ ሦስት ጥያቄ ጨምሩ። የልጆቹ ጉሮሮ እንዴት ነው? የሚወራጭ አለ ወይ? ካለስ ሲተኛ ይተወዋል? መልሱ «አዎ» ከሆነ ብሩን ላኩ፤ ግን ለባሕር ዳር መሳፈሪያ ይሁን።